ሰውን ለሁለት አትክፈሉት፦ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ስናስብ

(ይህ ጽሑፍ ሐምሌ ወር ላይ በአንድ ማኅበረ ምእመናን የመታሰቢያ ምሽት ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ነው።)

የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ሽማግሌዎቻችን ሲጋብዙኝ "ስለ ቄስ ጉዲና ለልጆቹ ንገርልን" ነው ያሉኝ። እኔም ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆመው የነበሩ ወጣቶችን ጠየቅኋቸው። "ቄስ ጉዲና ቱምሳ ማን ነበሩ?" አልኳቸው። አብዛኞቹ የመለሱት አንድ ዓይነት ነው፤ "ደርግ የገደላቸው ቄስ" አሉኝ። መልሱ ልክ ነው። ግን ትንሽ አሳዘነኝ። እኚህ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩ ሰው 50 ዓመት ኖረዋል። ያንን ሁሉ ዓመት ትተን የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ከያዝን፣ ያቺም ሌሊት ራሷ አትገባንም። ለምን ሊሸሹ ሲችሉ እንዳልሸሹ የሚገባን አኗኗራቸውን ስናውቅ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ስማቸው ቤታችን ውስጥ በሹክሹክታ ነበር የሚጠራው። እናቴ መጀመሪያ መስኮቱን ትዘጋለች፣ ከዚያ ነው የምታወራው። ዛሬ እዚህ በድምፅ ማጉያ ስማቸውን ስጠራ ያ መስኮት ትዝ ይለኛል።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። ቄስ ጉዲና የተወለዱት ሚያዝያ 27 ቀን 1921 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ ቦጂ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ያቺው ቀን ለሀገራችን የድል በዓል ሆነች። ቦጂ በወንጌላውያን ታሪክ ውስጥ ተራ ቦታ አይደለችም። ኤርትራዊው ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ወንጌልን ይዘው የሄዱት ወደዚያ ነው። እኚህ ሰው በ1905 እ.ኤ.አ. በተነሳ የእሳት ቃጠሎ ሰው ለማዳን ሲሞክሩ ነው የሞቱት። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሞ በዚያ አገር ይነበብ ነበር። ትንሹ ጉዲና ያደገው እንዲህ ባለ ምድር ላይ ነው። ቃሉን በእናቱ ቋንቋ የሚያነብ ሕዝብ መካከል። ጎረቤቱን ሊያድን እሳት ውስጥ የገባ ሰባኪ በሚታወስበት አገር።

ከዚያ ወደ ነቀምቴ መጡ። ብዙ ጊዜ ስለ ቄስ ጉዲና ሲነገር ይህ ዘመን ይዘለላል። እኔ ግን ዛሬ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ነቀምቴ በሚስዮኑ ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ። ድሬሰር የሚለውን ቃል የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። ቁስል የሚያጥብ፣ የሚያሽግ፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሐኪሙን የሚያግዝ ባለሙያ ነው። በዚያን ዘመን ሐኪም ብርቅ ነበር። ገበሬው ከሩቅ በቃሬዛ ተይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ፊት የድሬሰሩን ነው። መግል ይሸታል። ደም አለ። ታማሚው ይጮኻል። የቄስ ጉዲና የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ይህ ነበር።

ከዚያ የነገረ መለኮት ትምህርት ተማሩ። በ1958 እ.ኤ.አ. ቅስና ተቀብለው የነቀምቴን ማኅበረ ምእመናን አገለገሉ። ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እንደ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። በተለያዩ የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የጀርመንና የአሜሪካ ሚስዮኖች ሥር የነበሩ ምእመናን በአንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ያኔ ቁጥራቸው 20 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን አባላቷን በሚሊዮኖች ነው የምትቆጥረው።

ቄስ ጉዲና ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ በሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። ዘመኑን አስቡት። ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው አደባባይ የወጡበት፣ ቄሶች ከሰልፈኛው ፊት የሚሄዱበት ጊዜ ነው። ከዚያ መልስ ወዲያው የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ የንጉሡ ሚኒስትር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ናቸው። አንዱ የቤተ መንግሥቱን ወግ የሚያውቁ ዲፕሎማት፣ ሌላው የወለጋ ገበሬ ልጅና የቀድሞ ድሬሰር። ሁለቱ ተደጋግፈው ሠሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ከመካነ ኢየሱስ ጋር ስትዋሐድም ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ነበሩ። ሉተራኗ መካነ ኢየሱስና ፕሬስቢቴሪያኗ ቤቴል አንድ ቤት ገቡ። ይህ በዓለም ላይ በየቀኑ የሚታይ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

በ1964 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቫ አንድ ደብዳቤ ተላከ። ላኪዋ መካነ ኢየሱስ፣ ተቀባዩ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን። ጉዳዩ "የወንጌል ስብከትና የሰው ልጅ ልማት ያላቸው ግንኙነት" ነው። ከደብዳቤው ጀርባ የቄስ ጉዲና ሐሳብና ድካም ነበር።

ጉዳዩ ምን ነበር? በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የሚመጣው ዕርዳታ በሁለት ኪስ ተከፍሎ ነበር። ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ይገኛል። ለወንጌላዊ ደመወዝ፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት፣ ለጸሎት ቤት ግን አይገኝም። እዚህ ደግሞ ምእመኑ በየቀኑ እየበዛ ነው። አንድ ወንጌላዊ ስንት አጥቢያ በእግሩ ያዳርስ? መስፈርቱን ያወጡት ገንዘቡን የሚሰጡት ናቸው። ተቀባዩን "አንተስ ምን ያስፈልግሃል?" ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ደብዳቤው ይህንን በጨዋ ቋንቋ ግን ፊት ለፊት ተናገረ። የሰው መንፈሳዊ ፍላጎትና ሥጋዊ ፍላጎት አብረው መታየት አለባቸው አለ። ስብከትንና ልማትን መለያየት ቤተ ክርስቲያንን ይጎዳል፣ በመጨረሻም የተዛባ ክርስትና ይወልዳል አለ። ሰው እንዲለማ ከተፈለገ የሚለማው ሙሉ ሰው ሆኖ ነው። ሆዱ ጠግቦ ነፍሱ የተራበች ሰው አልለማም። ነፍስህን ተንከባከብ ተብሎ ሆዱ ባዶ የቀረ ሰውም እንደዚያው።

እስቲ ልብ በሉ። ይህን የሚለው ከድሃ አገር የተነሳ ቄስ ነው። የሚናገረው ደግሞ ገንዘቡን ለሚሰጡት ነው። በእኛ ባህል "ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ" የሚባል ስድብ አለ፤ አንዳንዱ እንደዚያ ሊቆጥራቸው ይችል ነበር። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ፌዴሬሽኑም ደብዳቤውን ችላ አላለውም። በ1974 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደረገ። ዛሬ "ሁለንተናዊ አገልግሎት" የምንለው፣ በየሲኖዶሱ ሪፖርት ላይ የምናነበው ቃል ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

እኔ ይህን ደብዳቤ ባነበብኩ ቁጥር የነቀምቴው ሆስፒታል ነው የሚታየኝ። ቁስል ያጠበ ሰው "ይህ ሥጋ ነው፣ ያ ነፍስ ነው" ብሎ ሰውን መክፈል አይችልም። ከፊቱ የተኛው አንድ ሰው ነው። ያመዋል፤ ይፈራል፤ ይጸልያል። ሦስቱንም የሚያደርገው ያው አንድ ሰው ነው። ነገረ መለኮቱን ከሚኒሶታ አመጡት የሚሉ አሉ፤ እኔ በበኩሌ የጀመረው ነቀምቴ አልጋ አጠገብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ቄስ ጉዲና ቤተ ክርስቲያን ራሷን ትቻል የሚሉ ሰው ነበሩ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ለአቶ አማኑኤል በጻፉት ረጅም ማስታወሻ ላይ ራስን ስለ መቻል፣ ቤተ ክርስቲያን ከፖለቲካና ከርዕዮተ ዓለም ጋር ስለሚኖራት ግንኙነት በግልጽ አንስተዋል። ያንን የጻፉት ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው። ብዙ ሰው ገና በደስታና በግራ መጋባት መካከል በነበረበት ጊዜ ማለት ነው።

ስለ አብዮቱ ሐቁን እንናገር። ቄስ ጉዲና የድሮውን ሥርዓት የሚናፍቁ ሰው አልነበሩም። የጭሰኛን ኑሮ ያውቁታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ለወለጋ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባቸዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በዚያ ዓመት ባወጣችው የእረኝነት መልእክት ለፍትሕ የሚደረገውን ለውጥ ተቀብላለች። ግን አንድ መስመር አሰመረች፦ የትኛውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ሊሆን አይችልም፤ ሙሉ ታማኝነት የሚገባው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። ደርግ የማይወደው ይህችን ዓረፍተ ነገር ነው። መሬት ይከፋፈል ብትሉት ደስ ይለዋል። "አንተ አምላክ አይደለህም" ስትሉት ግን አይታገሥም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየጠበበ ሄደ። መጋቢት 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ለብዙ አገሮች ይሰማ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ተወረሰ። በወለጋ አጥቢያዎች ይዘጉ፣ አገልጋዮች ይታሰሩ ጀመር። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ከመሠረቱት አንዱ ስለነበሩ ጥርጣሬው በእሳቸውም ላይ በረታ። ሁለቱ ወንድማማቾች የተለያየ መንገድ ነው የያዙት። ባሮ ወደ ትግሉ ሄዱ። ጉዲና ከመንጋው ጋር ቀሩ።

ቄስ ጉዲና በዚህ ጭንቅ ጊዜ ያደረጉትን አንድ ነገር ብዙዎቻችሁ ላትሰሙት ትችላላችሁ። የኦርቶዶክስን፣ የካቶሊክንና የወንጌላውያንን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለማሰባሰብ ደከሙ። የአብያተ ክርስቲያናት የትብብር ምክር ቤት ሲቋቋም ግንባር ቀደም ነበሩ። በዚያን ጊዜ በእኛና በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን መካከል የነበረውን ቁርሾ የምታስታውሱ ሰዎች እዚህ አላችሁ። "ጴንጤ" ተብለን የተወገርንበት፣ እኛም በንቀት የመለስንበት ጊዜ ነው። እሳቸው ያንን ሁሉ ተሻገሩ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አስሯቸው ነበር። በ1971 ዓ.ም. ክረምት አቡነ ቴዎፍሎስም ቄስ ጉዲናም ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። እኛ ሳንስማማ የኖርን ሁለት ቤተ ክርስቲያናት አባቶቻችንን በአንድ ክረምት አጣን፣ በአንድ ዓመትም አፅማቸውን አገኘን። ይህን ሳስብ ዝም እላለሁ።

በ1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ከእስር ሲወጡ ሊመጣ ያለውን ያላወቀ አልነበረም። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻቹላቸው። ዕድሉ ተከፍቶ ነበር። ቢሄዱ ማንም አይወቅሳቸውም፤ እኔም አልወቅሳቸውም። ልጆች አሏቸው። ሚስት አለቻቸው። በዓለም የታወቁ ሰው ስለሆኑ ውጭ ሆነው ብዙ መናገር ይችሉ ነበር።

አልሄዱም። የመለሱት መልስ ቀላል ነበር፦ ቤተ ክርስቲያኔ እዚህ ናት፣ ምእመናኑም እዚህ ናቸው። ቄሶቼን ደጋግሜ "ከመንጋችሁ አትለዩ" ስላቸው ኖሬ፣ አሁን በፈተና ጊዜ እኔ እንዴት ጥዬ እወጣለሁ? ከዚያም የጳውሎስን ቃል አነሱ፦ "በሕይወትም ያሉት ስለ እነርሱ ለሞተውና ለተነሣው እንጂ ወደ ፊት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ስለ ሁሉ ሞተ።" ሁለተኛ ቆሮንቶስ 5፥15 ነው።

እንግዲህ ደብዳቤውና ይህ መልስ ለእኔ አንድ ናቸው። ሰውን ለሁለት አትክፈሉት ብለው ለጄኔቫ የጻፉት ሰው፣ ራሳቸውንም ለሁለት አልከፈሉም። ትምህርታቸው አዲስ አበባ ቀርቶ ገላቸው ዳሬሰላም እንዲሄድ አልፈቀዱም። ያስተማረው አፍና የሚኖረው ሰው አንድ ቦታ ቀሩ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ኡራኤል በሚገኘው ማኅበረ ምእመናን ትምህርት ሰጥተው ወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አብረዋቸው ነበሩ። መንገድ ላይ አስቆሟቸው። ሁለቱን ለያይተው ወሰዷቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲናን በዚያው ሌሊት ገደሏቸው።

አሁን ስለ ወይዘሮ ፀሐይ ካልተናገርኩ ይህ ምሽት ጎደሎ ነው። ስለ ሰማዕታት ስናወራ ሚስቶቻቸውን በአንድ መስመር እናልፋቸዋለን። "ባለቤታቸውም ተሠቃይተዋል" እንልና ወደ ሌላ እንሄዳለን። እኔ ይህን አልወደውም። ወይዘሮ ፀሐይ ባላቸው በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ነው የቀሩት። ሐዘን የሚቀመጡበት አስከሬን የለም። ድንኳን አልተተከለም። ለቀስተኛ መምጣት ይፈራል። ከወራት በኋላ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ እሳቸውንም አሰሯቸው። ገረፏቸው፤ ክፉኛ አሠቃዩዋቸው። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ወደ አሥር ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። ልጆቻቸው ያለ አባትና ያለ እናት አደጉ።

አሥር ዓመት ምን እንደሆነ ለማወቅ ልጆቻችሁን ተመልከቱ። ሲታሰሩ ጡት የተወ ሕፃን ሲፈቱ ስድስተኛ ክፍል ገብቷል። ወይዘሮ ፀሐይ ከዚያ ሁሉ ወጥተው እምነታቸውን ይዘው ኖሩ፤ የደረሰባቸውንም ለሌሎች መሰከሩ። ቄስ ጉዲና አንድ ሌሊት ከፈሉ። እሳቸው አሥር ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከፈሉ። የትኛው እንደሚከብድ እኔ አልመዝንም። ግን ስማቸው እኩል ይጠራ። ሐምሌ 21 ሲመጣ "ቄስ ጉዲናና ወይዘሮ ፀሐይ" እንበል። ይህን ዛሬ ለሽማግሌዎቻችን እንደ ጥያቄ አቀርባለሁ።

በውጭ ቄስ ጉዲናን "የአፍሪካው ቦንሆፈር" ይሏቸዋል። ቦንሆፈር ሂትለር የገደለው ጀርመናዊ የሉተራን ፓስተር ነው። ማመሳሰሉ በክብር የተደረገ ነው፤ አልቃወምም። ሆኖም ልጆቼ፣ እናንተ ቄስ ጉዲናን ለማወቅ በጀርመን በኩል መዞር አያስፈልጋችሁም። ቦጂ አለች። ነቀምቴ አለች። ኡራኤል ደግሞ ከዚህ በታክሲ ትደርሱበታላችሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሂዱና ያንን መንገድ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት።

ከ13 ዓመት በኋላ አፅማቸው ተገኘ። ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበሩ። የዚያን ቀን ሕዝቡ በግልጽ አለቀሰ። ለ13 ዓመት ታፍኖ የኖረ ለቅሶ ነበር። በስማቸው የተቋቋመው ድርጅትም እስከ ዛሬ ይሠራል፤ በፈንታሌ አርብቶ አደሮች መካከል ስላደረገው ሥራ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ትምህርት፣ ውኃ፣ ጤና። የድሬሰሩ ሥራ ማለት ነው።

የእኔ ድርሻ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ የማውቀው ካነበብኩትና ከሰማሁት ነው። ከፊት ወንበር ላይ ግን በ1984ቱ ቀብር ላይ የቆሙ፣ ከእሳቸው እጅ ቅዱስ ቁርባን የተቀበሉ እናቶችና አባቶች ተቀምጠዋል። አንዷ እናታችን መጀመሪያ ስጠይቃቸው "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ሲስቁ ነው የማስታውሰው" አሉኝ። እስቲ ያንን ሳቅ ይንገሩን። ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ማይኩን ወደ እሳቸው አድርሱልኝ።